ሠላሳ ሰከንድና አርባ አሚን

ለወሎ ሰው «ራስህን በሠላሳ ሰከንድ አስተዋውቅ» ማለት ግፍ ነው። ሠላሳ ሰከንድ የእናትን ጤና ጠይቆ ወደ አባት ለመሻገር እንኳ አይበቃም። መምህርት ሰላም ግን ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሁለት ሳምንቷ ስለነበር ይህን የሚነግራት አላገኘችም። ደሴ ላለ አንድ ኮሌጅ ተመራቂዎች ስለ ሙያዊ ትውውቅና ስለ ቢሮ አለባበስ ሥልጠና ልትሰጥ ነበር የመጣችው። በመጀመሪያው ቀን ጣሀንና ነፃነትን ወደ ፊት ጠርታ ተጨባበጡ፣ ስማችሁን ተነጋገሩ አለቻቸውና የስልኳን ሰዓት ጫነች። ሁለቱ ሦስት ዓመት አንድ ክፍል የተማሩ፣ የዚያን ዕለት ጠዋትም ሰላም የተባባሉ ናቸው። ቢሆንም እጅ ተጨባብጦ ዝም አይባልምና ጣሀ የነፃነትን እናት ወገብ ጠየቀ፤ ነፃነት የጣሀን አጎት ጠየቀች፤ ስለ ብርዱ ተጨዋወቱ፤ አልሐምዱሊላሂና እግዚአብሔር ይመስገን ተመላለሱ። ስልኩ ሲጮኽ የማንም ስም አልተነሳም ነበር።

መምህርቷ ግን ተስፋ የምትቆርጥ ሰው አልነበረችም። በሦስት ቀን ውስጥ ሰላምታውን አሳጠረች፣ አንገታቸውን አቀናች፣ ዓይን ለዓይን መተያየትን አስተማረች፣ ኮትና ክራባት ግዴታ መሆኑን ነገረቻቸው። እጅጌ መጠቅለል የጎረምሳ ነው ብላ ከለከለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ መዳፋችሁ ይታይ አለች፤ መዳፉን የሚደብቅ ሰው አይታመንም፣ ይህ በጥናት የተረጋገጠ ነው። ጣሀ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህችን አልረሳም።

ምክንያቱም ጣሀ የሚሠለጥነው ለጨዋታ አልነበረም። ኮምቦልቻ ያለ አንድ የጆንያ ፋብሪካ ከተመራቂዎቹ መካከል አንድ ተለማማጅ እወስዳለሁ፣ ልምምዱን በደንብ ለጨረሰም ሥራ እሰጣለሁ ብሏል። አንድ ብቻ። እሱ ካልሆነለት ደግሞ አጎቱ መሕሙድ ደሴ ሆጤ ሰፈር ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ሱቃቸው ውስጥ በርጩማ አዘጋጅተው ይጠብቁታል። አጎቱ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት ስለ ባልዲ ክዳን ነው፤ ማታም እራት ላይ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ጣሀ አንድ ክረምት እዚያ ከርሞ፣ በሁለተኛው ወር እሱም ስለ ክዳን ሐሳብ ሲሰጥ ራሱን አግኝቶታል። ዕድሜዬ በባልዲ መሀል ሊያልቅ ነው ብሎ ይፈራ ነበር፤ ከልቡ ነበር የሚፈራው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ጣሀ ሰኞ ገበያ ወርዶ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ያገኘውን የመጀመሪያ ጥቁር ካፖርት ገዛ። ትከሻው ልክ ነበር። እጅጌው ግን የጣሀን ክንድ ጨርሶ፣ ጣቶቹንም ጨርሶ፣ አሁንም ይወርድ ነበር። ሻጩ የቀድሞው ባለቤት ትልቅ ሰው እንደነበረ በኩራት ነገረው። ጣሀ እንዲያሳጥርለት ልብስ ሰፊ ዘንድ ቢሄድ ሰፊው ለሰርግ ወረ ኢሉ ሄዷል። ክራባቱን በተመለከተ መምህርት ሰላም ራሷ አስራለት ነበርና፣ እንዳይፈታ ፈርቶ ሦስት ሌሊት ሙሉ እንደታሰረ ሚስማር ላይ ሰቀለው።

በቀጠሮው ቀን ተመራቂዎቹ ከመምህርታቸው ጋር በአንድ ሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወረዱ። ደሴ ላይ ካፖርቱ ደግ ሥራ ሲሠራ ነበር፤ ሙቀት ያለበት ኮምቦልቻ ሲደርሱ ግን ጣሀ ከውስጥ መብሰል ጀመረ። ከንፈሩ ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል። ስሜ ጣሀ ሰይድ ይባላል፤ የሥራ አመራር ተመራቂ ነኝ።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ኃይለ ሚካኤል ወደ ኮምቦልቻ ከተዛወሩ አራት ወራቸው ነበር። ሰዓት የሚያከብሩ፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ተማሪዎቹን በመመገቢያ አዳራሹ ተቀበሏቸው፤ እግረ መንገዳቸውንም ሠራተኛው ይያቸው ብለው ሊገባ የተዘጋጀውን ሁለተኛ ፈረቃ አስጠሩ። አርባ የሚሆን ሰው አግዳሚው ላይ ተደረደረ። አብዛኛው ከወሎ ገጠር የመጣ ነው። ከፊት የተቀመጡት የፈረቃው አለቃ ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ናቸው፤ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ፋብሪካው ሲከፈት ጀምሮ የነበሩ ሽማግሌ።

ነፃነት ቀድማ ተነሣች። ሃያ ስምንት ሰከንድ ፈጀባት፤ አልተደናቀፈችም፤ ተጨበጨበላት። ሥራ አስኪያጁ ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ጣሀ ያቺን ብዕር በዓይኑ ተከተላት።

ተራው ደረሰና ቆመ። መዳፍህን አሳይ የሚለው ትዝ አለው። እጁን ክፍል ውስጥ እንደተማረው በወገቡ ልክ ቢዘረጋ መዳፉ የለም፤ እጅጌው ውጦታል። መጠቅለል ደግሞ ክልክል ነው። ስለዚህ እጅጌው ወደ ክንዱ እንዲንሸራተት ብሎ ሁለቱንም እጆቹን እስከ ደረቱ አነሣቸው፣ መዳፎቹንም ወደ ላይ ዘረጋቸው። ዓይን ለዓይን መተያየቱማ አልተቻለውም። ፊት ለፊት የተቀመጡት በዕድሜ አባቱ የሚሆኑ ሰው ናቸውና አንገቱን ደፋ።

እንግዲህ ወሎ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ፣ መዳፉን ዘርግቶ ሰው ፊት የቆመ ልጅ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ጋሽ ዘይኑልአቢዲን መዳፋቸውን ዘረጉ። ከኋላቸው አርባ ሰው ዘረጋ።

«ስሜ ጣሀ ሰይድ ይባላል» አለ።

«አሚን» አለ አዳራሹ።

ጣሀ ደነገጠ፤ ግን የሸመደደው ነገር በራሱ ጊዜ ይወጣ ነበር። የሥራ አመራር ተመራቂ መሆኑን ተናገረ፤ አሚን ተባለ። ኮምፒውተር እንደሚችል ተናገረ፤ አሚን። በቡድን መሥራት እንደሚወድ ሲናገር ከወደ ኋላ አንዲት ሴት ማሻ አላህ ጨመረችበት። መምህርት ሰላም ሰዓቷን ዝቅ አድርጋ፣ ምን እየሆነ እንደሆነ እንዲያስረዳት ነፃነትን ትጎነትላለች። ነፃነት ደግሞ ክርስቲያን ብትሆንም የደሴ ልጅ ናትና መዳፏን ዘርግታ አሚን እያለች ነበር።

ሠላሳ ሰከንዱ አለቀ። ጣሀ የሚለው ነገር አለቀበት። ሰዉ ግን እጁን አላወረደም። የተጀመረ ዱዓ ሳይዘጋ አይተውም፤ እንዲህ አድርጎ የተወ ሰው ሲወራበት ይኖራል። ጣሀም፣ ባልዲውም ካፖርቱም ከሐሳቡ ጠፍተው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ከሽማግሌ አፍ የሰማውን ያመጣው ጀመር። ማሽኑን ከብልሽት ይጠብቅልን አለ። መግቢያችሁን የሰላም፣ መውጫችሁን የጤና ያድርግላችሁ አለ። መብራት አያጥፋብን ሲል አዳራሹ ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ ከልቡ የመጣውን ተናገረ፤

«እኔንም ከእናንተ ጋር ያድርገኝ።»

«አሚን!»

ፊቱን በመዳፉ አበሰ፤ አርባውም አበሱ። ሥራ አስኪያጁን ቀና ብሎ ለማየት ግን ድፍረት አጣ።

ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ ቢሮው በር ላይ ባለ አግዳሚ ተደርድረው ጠበቁ። መምህርት ሰላም ሁለት ጊዜ አይዞህ አለችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ድምፅዋ የማጽናናት ሳይሆን የለቅሶ ቤት ነበር። አቶ ኃይለ ሚካኤል ወጡና ሁሉንም አመስግነው የነፃነትን ስም ጠሩ። ጣሀ እጇን ጨበጣት፤ ለእናቷም እንኳን ደስ ያላቸው አለ።  ሊወጣ ሲል ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ከአዳራሹ ወገን መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጁስ?» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ቦታው አንድ መሆኑን፣ ልጅቱም የተሻለች ሆና መገኘቷን በትሕትና አስረዱ።

«ልጅቱን ማን ነካት? ትግባ፣ አላህ ያሳድጋት። እኔ የምለው ስለ ልጁ ነው። ከእናንተ ጋር ያድርገኝ አለ፤ እኛም አሚን አልን። አሁን ገብቼ ለሰዉ ምን ልበል? አሚናችሁን አሰናብተውታል ልበል?»

ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛው የወደደውን ማለት መብቱ እንደሆነ፣ ቅጥር ግን በመመሪያ እንደሚሠራ ተናገሩ።

«እርስዎም ብለዋል» አሉ ሽማግሌው ረጋ ብለው።

«እኔ?»

«ወላሂ ብለዋል። መዳፍዎን ዘርግተው። መብራት አያጥፋብን ሲል ድምፅዎ ከሁላችንም በላይ ነበር።»

አቶ ኃይለ ሚካኤል ፊታቸው ቀላ። አላልኩም ለማለት አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው።

«እኔ ያልኩት አሜን ነው» አሉ በመጨረሻ።

«አብሽሩ፣ አይስጉ፤ የሚደርሰው እዚያው ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ጣሪያውን አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ ከዚያም ለጸሐፊያቸው ሁለተኛ ቅጽ እንድታመጣ ነገሯት። ጣሀ ብዕር ተቀበለ። ስሙን ሞላ፣ አድራሻውን ሞላ፣ ትምህርቱን ሞላ። የመጨረሻው መስመር «በድርጅቱ ውስጥ የሚያውቅዎ ሰው ካለ ይጥቀሱ» ይላል። ነፃነት በራሷ ቅጽ ላይ ማንንም አላውቅም ብላ ሰረዝ አድርጋ አልፋዋለች። ጣሀ ጥቂት አሰበና «ሁለተኛው ፈረቃ በሙሉ» ብሎ ጻፈ።