የካሱ ቃል በገነነ አፍ

ገነነ በመንገድ ሥራ ድርጅቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ስምንት ዓመት ቆየ። ኳስ ይነፋል፤ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ያለውን የሲሚንቶ ሜዳ ይጠርጋል። የተጋጣሚን ጨዋታ ቆሞ ያይና ማን በግራ እጁ እንደሚወረውር፣ ማን ሲደክመው ወገቡን እንደሚይዝ በልቡ ይይዛል። ተጫዋቾቹ በወረቀት ላይ ቀለም ቀቢና ዘበኛ ነበሩ፤ እንጀራቸው ግን ኳስ ነበር። የእሱም እንደዚያው።

ከሁሉ የከበደው ሥራ ግን የአፉ ነበር። ዋናው አሰልጣኝ ካሱ በ1968 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተመድቦ ሲመጣ ጋሞኛ አያውቅም። ተጫዋቾቹ ደግሞ ለቁመታቸው ተፈልገው ከጋሞ ደጋ የወረዱ ናቸው፤ አማርኛ አይሰሙም። ስለዚህ ካሱ በአማርኛ ይቆጣል፣ ገነነ በጋሞኛ ያደርሳል።

መጀመሪያ ላይ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ነበር የሚያደርሰው። አንድ ቀን ካሱ ረጅሙን ዳናን፣ «እንደ ጅብራ ተገትረህ ትቀራለህ? በሬ እንኳ ሲነዱት ይሄዳል» አለው። ገነነ ቃሉን እንዳለ አደረሰው። ዳና ጫማውን ፈታ፤ አግዳሚው ወንበር ሥር ጎን ለጎን አስቀመጠና ወደ አገሩ ወደ ኦቾሎ ወጣ። በእነሱ ዘንድ በሰው ፊት የተሰደበ ሰው ሽማግሌ ሳይገባ ከሰዳቢው ጋር አንድ ገበታ አይቀርብም።

ገነነ ዳገቱን ተከትሎ ወጣ። ከዳና አባት ደጅ ሁለት ቀን ተቀመጠ። ለሽማግሌዎቹም፣ «ስድቡ የወጣው ከእኔ አፍ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አላቸው። ታረቁ፤ ዳና ተመለሰ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ገነነ ከራሱ ጋር ተማከረ። ከዚያ ወዲያ የካሱ ቃል በእሱ አፍ ሲያልፍ ሌላ ሆነ።

ለእረፍት ሲጠሩ ካሱ፣ «ታምሩ! ኳስ ነው የሰጠንህ ወይስ አራስ ልጅ? ታቅፈኸው የምትዞረው» ይላል።

ገነነ በጋሞኛ፣ «ታምሩ፣ ኳሱን ደኅና አድርገህ ይዘሃል ብለዋል። አሁን ቶሎ አቀብል» ይላል።

«ከእነዚህስ ከጫሞ ሐይቅ አዞ አውጥቼ ባሰለጥን ይሻለኝ ነበር። ንገራቸው!»

«እንደ አዞ ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ ሲቀርብ ያዙ ብለዋል።»

ተጫዋቾቹ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። አንዳንዴ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ገነነ ድካም ይመስለው ነበር።

ነገሩን የነገረው ለሚስቱ ለጌጤ ብቻ ነው።

«አንድ ቀን ይነቃብሃል» ትለዋለች።

«ታዲያ እኔን አባሮ ኳሱን ማን ሊነፋለት ነው?»

«ኳስማ ማንም ይነፋል፣ አንተ ሰውዬ።»

እውነቷን ነበር። ከዚያ አግዳሚ ወንበር ቢነሳ ሌላ የሚቀመጥበት፣ ሌላም የሚወደው ሥራ አልነበረውም።

በ1976 ዓ.ም. አሸናፊ የሚባል ካድሬ ለቡድኑ ተመደበ። የምዕራብ ዓባያ ሰው ስለሆነ ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል። ከአግዳሚው ጀርባ ተቀምጦ ደብተር ላይ ይጽፋል። ክፉ አልነበረም፤ የታዘዘውን የሚሠራ ሰው ነው። ቡድኑ ከአዋሳ በመጣ ቡድን በሁለት ነጥብ በተሸነፈ ማግስት የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ጠራ። በዚያ ስብሰባ እያንዳንዱ እየተነሳ የራሱንና የጓዱን ጥፋት ይናገራል።

አሸናፊ ተነስቶ ደብተሩን ገለጠ። የካሱን ቃል አነበበ፤ ቀጥሎ የገነነን አነበበ። አዞውም አልቀረም።

«ጓዶች፣ ይህ መመሪያ ማዛባት ነው። ረዳት አሰልጣኙ ከቡድኑ ተነስቶ ድንጋይ ወደሚፈለጥበት ካባ እንዲዛወር ሐሳብ አቀርባለሁ።»

ካሱ ወደ ገነነ ዞረ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ጋሼ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዳና ከኦቾሎ ከተመለሰ ወዲህ።»

ገነነ ጥግ ላይ የተከመሩትን ኳሶች ያይ ጀመር። አንዱ ጎድሏል፤ ጠዋት መንፋት ነበረበት።

ዳና እጁን አወጣ። የተናገረው በአማርኛ ነው።

«ግለ ሂስ አለኝ። እኔ አማርኛ መስማት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ታምሩማ ደብዳቤም ይጽፍበታል። ጋሼ ካሱ ሲሰድቡኝ እሰማለሁ፤ ያመኛል። ግን ጋሽ ገነነ ምን ብሎ እንደሚያቃናው ልስማ ብዬ እጠብቃለሁ። ሁላችንም እንጠብቃለን። የደበቅነው እኛ ነን።»

«ለምን አልነገራችሁትም?» አለ አሸናፊ።

«ከነገርነው ይተዋላ» አለ ታምሩ።

ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ገነነ ያን ጊዜ የሚንቀጠቀጡት ትከሻዎች ትዝ አሉት፤ ጆሮው ድረስ ጋለው።

ካሱ ፊቱን በመዳፉ አበሰ። ከዚያ ተነሳ። «ጓድ አሸናፊ፣ መመሪያው የእኔ ነው። የተዛባውም ከእኔ አፍ ሲወጣ ነው፤ እሱ ሲያቃናው ኖሯል። ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ብለህ ጻፍ። ካባው የሚሄድ ሰው ካስፈለገ እኔ አለሁ።»

አሸናፊ ጥቂት አሰበ። ደብተሩ ላይ የነበረውን ሰርዞ ጻፈ። ማንም ካባ አልሄደም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታ ቡድኑ በአምስት ነጥብ እየተመራ ለእረፍት ተጠራ። ተጫዋቾቹ ከበቡ። ካሱ ከስብሰባው ወዲህ አፉን ቆልፎ ነበር።

«ገነነ፣ ንገራቸው» አለ።

«ምን ልበላቸው?»

«የምትላቸውን ነዋ።»

ገነነ አፉን ከፈተ። ምንም አልመጣለትም። ዓመታት ሙሉ የሰው ቁጣ ሲያቃና ኖሮ፣ የሚያቃናው ሲያጣ ባዶውን ቀረ። ተጫዋቾቹ ይጠብቃሉ፤ ሰዓቱ ይሄዳል።

ወደ ካሱ ጠጋ አለና በጆሮው፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ይሳደቡ እንጂ» አለው።

ካሱ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ወደ ዳና ዞረና ድምፁን አነሳ። በአዲስ አበባ መርካቶ እንኳ የማይሰማ ስድብ አወረደበት። ዳና አንገቱን ደፋ። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ጆሮውን ወደ ገነነ አቀና።