አራቱ ስምንቶች

ታዘበው ብቸና ባለው ቁጠባ ማኅበር ዋና የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ችግሩ ሚስቱ ነች። እውነቱን እናውራ ከተባለ ግን ችግሩ ሚስቱ ሳትሆን እሱ ራሱ ነው። ሚስቱ ሀይማኖት በሒሳብ ሠራተኝነት ወደ ማኅበሩ የሞጣ ቅርንጫፍ ከተዛወረች ወዲህ ሰውየው ሰላም የለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ብቸና ትመጣለች፤ ምሳ ላይ ተቀምጣ «ስጦታው እኮ ፕሪንተሩን ሠራልን፣ ስጦታው እኮ እንዲህ ብሎ አሳቀን» ትላለች። ስጦታው የሞጣ ቅርንጫፍ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ወጣት፣ ሳቂታ፣ ደግሞም ያላገባ። ስሙ በተነሳ ቁጥር ታዘበው የጎረሰው አልወርድ ይለዋል።

በሥራ ቀን መውጫ ሰዓት ሲደርስ በቪዲዮ ይደውልላታል፤ እሷም ከቢሮዋ ሳትወጣ ታነሳለች። ምስሉ ትንሽ ከተቆራረጠ አለቀ። «ማን አጠገብሽ አለ? እስቲ ስልኩን አዙሪና ክፍሉን አሳዪኝ!» ይላታል። ስንቴ አዞረች! ስንቴ ግድግዳና ወንበር አሳየችው! ቀናተኛ ግን ባዶ ወንበር ሲያይ እንኳ አሁን የተነሳው ማነው ብሎ ያስባል።

ባለፈው ቅዳሜ መረራት። «ታዘበው፣ ስማኝ» አለችው። «እመቤቴን ነው የምልህ፣ አንድ ጊዜ ደግመህ በስጦታው ብትጠረጥረኝ ቅዳሜ ብለህ አትጠብቀኝ። አልመጣም።» ሀይማኖት በእመቤታችን ከማለች አትመለስም፤ ይህን እሱም ያውቃል።

ሐሙስ ጠዋት የሞጣው ሥራ አስኪያጅ አቶ ቢያድግልኝ ደወሉ። «ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ሰርቨሩን ማግኘት አልቻልንም ይላሉ። አንድ ሰው እንኳ ሥራ አልጀመረም፤ ደንበኛው በር ላይ ቆሟል» አሉት። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ነበር፤ ስጦታውን ያቅርቡልኝ ብሎ ይህን ክፈት፣ ያንን እይ ቢለው በቂ ነው። ታዘበው ግን እመጣለሁ ብሎ ስልኩን ዘጋና ወደ መናኸሪያ ገሰገሰ። የፈለገው ሰርቨሩን መጠገን ብቻ አልነበረም፤ ስጦታውን በሚስቱ ፊት ማሳፈር ነበር። መኪናዋ ደብረ ወርቅን ስታልፍ ታዘበው በልቡ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል፤ ግንደወይን ሲደርስም እዚያው ላይ ነው።

ሞጣ ሲደርስ ስጦታው በር ላይ በሁለት እጁ ተቀበለው። «ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ!» አለው። ጋሼ! በጥቂት ዓመት የሚበልጠውን ሰው ጋሼ ማለት አርጅተሃል ከማለት በምን ይለያል? ደሙ ፈላ። ይባስ ብሎ ሰርቨሩ የተቀመጠው ሀይማኖት ጠረጴዛ ሥር ሆኖ አገኘው። ለካ ልጁ በየቀኑ እዚህ ነው የሚያጎነብሰው!

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና መጀመሪያ የስም መዝገቡን ከፈተ። ዲኤንኤስ ይሉታል፤ የሚቀመጠው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ሲሆን ኮምፒውተሮች ሰርቨሩ የት ነው ብለው የሚጠይቁት እሱን ነው። የብቸናው ሰርቨር ስም አለ፤ የሞጣው ግን ድራሹ የለም። ሰርቨር ስሙን በየጊዜው ራሱ ማሳደስ አለበት፤ ካላሳደሰ እንደ ጠፋ ተቆጥሮ ይሰረዛል። ይኼኛው ታዲያ ለምን ተወ? ታዘበው ሰርቨሩ ስሙን የሚያሳድስበትን መዝገብ ቁጥር ከፍቶ አየ፤ አራት ስምንት ተደርድሯል። ባሕር ማዶ ያለ የሌላ ሰው መዝገብ ቁጥር ነው። ምስኪኑ ሰርቨር ስሙን አድሱልኝ እያለ የሚለምነው የማያውቁትን ሰዎች ኖሯል። የሞጣ ሰው ሆኖ ዕድሩን በሰው አገር እንደሚከፍል ማለት ነው፤ የሞተ ዕለት ጥሩንባ የሚነፋለት የለም።

የታዘበው አንጀት ቅቤ ጠጣ። ብድግ አለና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አቶ ቢያድግልኝ፣ እስቲ ይምጡልኝ! ይህን ቁጥር እዚህ ያስገባው ማነው? ጀማሪ እንኳ እንዲህ አይሠራም!» አለ።

ስጦታው መጀመሪያ ሀይማኖትን አየ፤ ከዚያ መሬት መሬት እያየ «እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ?» አሉ አቶ ቢያድግልኝ ተቆጥተው። «እንግዲያው ማስጠንቀቂያህን ጠብቅ።»

«ውሸቱን ነው» አለች ሀይማኖት ከወንበሯ ተነስታ። ዞራ ባሏን አየችው። «ያስገባሁት እኔ ነኝ። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ አራት ስምንት አስገቢ ብለህ በላፕቶፔ ያሳየኸኝ አንተ አይደለህ? ቪዲዮው በተቆራረጠ ቁጥር ማን አጠገብሽ አለ ስትለኝ ሰለቸኝ። ለትንሹ ከበጀ ለትልቁማ ይበልጥ ይበጃል ብዬ ሰርቨሩ ላይ አስገባሁት። ስጦታው ፓስወርዱን የሰጠኝ መስክ ሲወጣ መብራት ጠፍቶ ቢመጣ እንዳስነሳው ነው። ጥፋቱን የወሰደውም ለዚያ ነው።»

መስኮቱ ጋ ከቆሙት ደንበኞች አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተው። ታዘበው ኩም አለ። አጎንብሶ አራቱን ስምንቶች አጠፋ፣ የሰርቨሩን የራሱን ቁጥር አስገባ፣ ስም የሚያስመዘግበውን አገልግሎት ዘግቶ ከፈተው። ወዲያው የጠፋው ስም መዝገቡ ላይ ተመለሰ። ከየጠረጴዛው «ገባልኝ! ገባልኝ!» ይሉ ጀመር። አቶ ቢያድግልኝም ቁጣቸው በርዶ፣ ፓስወርድ ለሰው አይሰጥም ብለው ስጦታውን በምክር አለፉት።

ሀይማኖት እስከ መናኸሪያ ሸኘችው። አልተቀየመችም፤ እንዲያውም ክንዱን ይዛ ትስቅ ነበር። «ከእንግዲህ ባሏ በቅናት ሞጣን ሥራ ያስፈታባት ሴት ይሉኛል» አለችው። እሱም ፈገግ አለ። ረዳቱ «ብቸና! ብቸና!» እያለ ይጣራል።

«ቅዳሜ ልምጣ?» አለችው።

ነይ ማለት ነበረበት። ከዚህ ያጠረ ምን ቃል አለ? ነገር ግን ያ የሆዱ ነገር ጠዋት አብሮት ተሳፍሮ እንደመጣ አሁንም አልወረደም።

«ሀይማኖት» አለ። «ስጦታው እኔ ነኝ ከማለቱ በፊት ለምንድነው ቀድሞ አንቺን ያየው?»

ክንዱን ለቀቀችው። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መጣችበት ተመለሰች።

ቅዳሜ የሞጣው መኪና ብቸና መናኸሪያ ገባ። ታዘበው ሁሉም ወርዶ እስኪያልቅ፣ መጨረሻ ላይም ዶሮ የያዙ እናት እስኪወርዱ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ በቪዲዮ ደወለ። አነሳችው። ስልኩን አዙራ የተከራየችውን ክፍል አሳየችው፤ አልጋውን፣ ጀሪካኑን፣ ግድግዳውን፣ የተዘጋውን በር፣ ባዶውን ወንበር። ከዚያ ዘጋችው። ምስሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆራረጠም።