እምቢ ያላስተማርኩት ወንድሜ

ልጆቼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ታናሽ ወንድሜ ከተወለደ ጀምሮ ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። እናታችን ስታርፍ አደራዋ እሱ ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እሱ ከስፌት መኪናዬ ጎን ተቀምጦ የሸሚዙን ቁልፍ ከኮቱ፣ ነጩን ከቀዩ ይለያል። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

ልጅ ሳለ መንገድ ላይ ሲመቱት ጊዜ፣ «ትልቅ ሰው ሲያናግርህ እሺ በል፣ አይነኩህም» አልኩት። ያዛት። የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ «ጋሽ እሺ» ይለው ጀመር። «ጋሽ እሺ፣ ጫማህን ትሰጠኛለህ?» ሲሉት አውልቆ ሰጥቶ በካልሲው ይመጣል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጥርሱን አመመው። አመመኝ ማለት አያውቅበትም፤ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ያጋጭ ጀመር። ጎረቤት ፈርቶ ፖሊስ ጠራ፤ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አስገቡት። ጥርሱ በሳምንቱ ተነቀለ፤ እሱ ግን እዚያው ቀረ። ሕጉ ያኔ የታመመውንም፣ ቀስ ብሎ የሚገባውንም በአንድ ጆንያ ነበር የሚከተው።

ዘንድሮ ሕጉ ተሻሻለ፤ ሕመም የሌለበትን ሰው ያለ ፈቃዱ ማቆየት ቀረ ተባለ። እልል አልኩ! አልጋውን አነጠፍኩ፤ ቁልፎቹ ያሉበትን ጣሳ ሳይቀር ወለወልኩ።

ማን ይውጣ፣ ማን ይቆይ ብለው የሚወስኑ ሦስት ገምጋሚዎች ሆስፒታሉ ውስጥ ተቀመጡ፤ ሰብሳቢዋ ደግ ሴት ናት። ወንበሯን ወደሱ አስጠጋች።

«ወንድሜ፣ እዚሁ ብትቆይ ደስ ይልሃል?»

«እሺ።»

«ኧረ እሱ ለሁሉም እሺ ነው የሚለው!» ብዬ ብድግ አልኩ።

«እናቴ፣ ይቀመጡ። አዲሱ ሕግ የሚሰማው እሱን ነው። ድሮ ቤተሰብ ነበር የሚናገርለት፤ ስንቱ የገዛ ወንድሙን እዚህ ጥሎ እንደጠፋ ያውቃሉ?»

እውነቷን ነው። ወደ ወንድሜ ዞርኩ።

«የኔ ጌታ፣ እምቢ በላቸው!» አልኩት።

ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና «እህት መልስ አቀበለች» ብሎ ጻፈ።

ሰብሳቢዋ ደግማ፣ «ቤትህስ ብትሄድ?» አለችው።

«እሺ።»

ሦስቱም ተያዩ። ሴትዮዋ ዓይኗን ከኔ አሸሸች። «መልሱ ካልለየለት ባለበት ይቆያል ይላል ሕጉ፤ ከስድስት ወር በኋላ ደግመን እንጠይቀዋለን።»

ይኸው አሁን እሑድ እሑድ ጥየቃ ስሄድ ትምህርት ቤት ከፍቻለሁ። ከኪሱ የማትለይ፣ ከሁሉ የሚወዳት ቀይ የኮት ቁልፍ አለችው።

«ቁልፏን ልውሰድብህ?» እለዋለሁ። «እምቢ በለኝ። በል፣ እትዬን እምቢ በላት።»

«እም...» ይልና ፊቴን ያያል። የተቆጣሁት ይመስለዋል። ቁልፏን አውጥቶ መዳፌ ላይ ያስቀምጥና ጣቶቼን አንድ በአንድ ያጥፍልኛል።

«እሺ፣ እትዬ።»