የሦስተኛ ቀን ፅንሶች

ዶክተሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ለመጽሔት ሊልኩት ያዘጋጁትን የጥናት ጽሑፍ ጮክ ብለው ሲያነቡ የላቦራቶሪ ረዳታቸው ከኋላቸው ቆማ ጓንቷን ታወልቅ ነበር። አንዱን እጅ አውልቃ ሌላውን ረስታዋለች።

"'በሦስተኛ ቀን የላም ፅንስ ላይ ምልክቶቹ ሳይጠረጉ ተገኝተዋል።' እንዴት ነው ልጄ? ያምራል?"

"ያምራል፣ ዶክተር።"

"ዕድሜ ልኬን ሳስተምር የኖርኩት ምን ነበር? ፅንሱ በሰዓታት ውስጥ የአባትየውን ምልክት ጠራርጎ ያወጣል። የእናትየው ግን ሴሉ በተከፈለ ቁጥር ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። እናት አይደለች፣ በዋዛ አትወጣም!" ብለው ሳቁ። "የእኛዎቹ ላይ ግን የሁለቱም እንዳለ ነው!"

አብራቸው ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ምልክት የሚሉት ዲኤንኤ ላይ ተለጥፋ ዘረመሉን ዝም የምታሰኝ፣ ሜቲል የተባለች ቅንጣት ናት። ያለችበትን ከሌለችበት ለመለየት ናሙናው ከኬሚካል ጋር አራት ሰዓት ሙሉ ይሞቃል። ኬሚካሉ ምልክት የሌለበትን ይቀይራል፣ ያለበትን ይተዋል። ናሙናው ቶሎ ከወጣ ግን ምልክት የሌለበትም ሳይቀየር ይቀርና ምልክት ያለበት መስሎ ቁጭ ይላል። እሷ የዚያን ቀን ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላው አውጥታዋለች። የታመመ ልጅ አልነበረባትም፣ የሞተ ዘመድም። ሰርቪስ እንዳያመልጣት ነበር። መዝገቡ ላይ ግን "አራት ሰዓት" ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው በውጤቱ በተደሰቱ ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትመርጣለች።

"በይ ልልከው ነው። ስምሽን ከእኔ ቀጥሎ አስገብቼዋለሁ" አሉ።

ይሄኛውን አልቻለችውም።

"አይላኩት፣ ዶክተር።"

"ምነው?"

"ናሙናውን ቀድሜ አውጥቼዋለሁ። ሁለት ሰዓት አልሞላውም። መዝገቡ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው።"

መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻላት ነበር።

"የተረፈ ፅንስ አለ?"

"አሥራ አንድ አለ። ማቀዝቀዣ ውስጥ።"

"እንደገና ይሠራል እንግዲህ።" ጽሑፉን ወደ ጎን ገፉት። "ውጤቱን ለክፍሉ ሰዎች በሙሉ አውርቻለሁ። ያንቺ ኮንትራት ደግሞ የሚታደሰው በዚህ ወር ነው። ነገ ስብሰባ ላይ 'መብራት ጠፍቶ ነበር' እንላቸዋለን፤ አለቀ።"

ደግነታቸው ከቁጣ በላይ አንገበገባት። "እሺ" ልትል አፏን ከፍታ ነበር።

"መብራት አልጠፋም፣ ዶክተር" አለች። "ነገ እኔው ልንገራቸው።"