የተሸጠው ጥርሴ

እኔ የአውቶቡስ መናኸሪያ ተናጋሪ ነኝ። የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሳ ቀኑን ሙሉ በማይክሮፎን የምለፈልፈው ሰውዬ ማለት ነው። በወጣትነቴ ኪሴ ሞቅ ብሎ በነበረበት አጭር ዘመን፣ ጫፏ የተሸረፈች አንዲት የፊት ጥርሴን ወርቅ አስለበስኳት። ከዚያ በኋላ ሳይቀለድ መሳቅ ጀመርኩ። ፎቶ ስነሳ አገጬን ወደ ብርሃን አዞራለሁ፤ ቀብር ላይ እንኳ አፌን መግጠም ይቸግረኛል። ሚስቴ የወደደችኝም በዚህች ጥርስ ነው ብዬ ላገኘሁት ሁሉ አውርቻለሁ።

የወርቅ ዋጋ ጣሪያ ነካ የተባለ ሰሞን ሚስቴ መሳቢያዋን ገለበጠች። ልብስ ሰፊ ናት፤ በእግር የምትረግጠውን አሮጌ የስፌት መኪናዋን በኤሌክትሪክ ልትቀይር ፈልጋለች። የተበጠሰ ሀብል፣ አልገባ ያላት ቀለበት፣ ሌላም ሌላም በመሀረብ ቋጠረችና "ና ሸኘኝ፣ ግን እንዳታወራ" አለችኝ።

ወርቅ ቤቱ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ጠባብ ክፍል ነው። አንጥረኛው አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ መነጽር ሰክቶ እያንዳንዱን ጌጥ ጥቁር ድንጋይ ላይ ይፈትጋል፣ የአሲድ ጠብታ ያንጠባጥብበታል፣ ይመዝናል። ከመሀረቡ መጨረሻ ላይ የወጡት ትልልቅ ጉትቻዎች ናቸው።

"እነዚህማ የኔ ስጦታ ናቸው!" አልኩ።

"ናቸው" አለች ሚስቴ።

"ታዲያ ትሸጫቸዋለሽ?"

"ይከብዱኛል። ጆሮዬን ቁልቁል ይጎትቱታል። ስንቴ ነገርኩህ? አንተ መናገር እንጂ መስማት መቼ ታውቃለህ!"

አንጥረኛው አንገቱን ደፍቶ ሚዛኑን መወልወል ጀመረ። እኔ ደሜ ፈላ።

"እንግዲያው እኔም አንቺ የወደድሽውን እሸጣለሁ!" ብዬ ከንፈሬን ገልቤ ጥርሴን አሳየኋት።

"ወደድኩት ያለህ ማን ነው?"

አንጥረኛው ማጉያውን ወደ አፌ አስጠግቶ አየና "ወርቅስ ወርቅ ነው ጋሼ" አለ። "ግን ጭንቅላትዎን ሚዛን ላይ ላስቀምጠው አልችልም። አስወልቀው ያምጡት።"

እሱ መቀለዱ ነበር። እኔ ግን በማግስቱ ጥርስ ሐኪም ቤት ተገኘሁ።

"ያምዎታል?" አለችኝ ሐኪሟ፤ ልጄ የምትሆን ናት።

"ኧረ ምንም።"

"ታዲያ ለምን ይውለቅ?"

"ሊሸጥ ነዋ።"

ጥርሴን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። "አባቴ፣ ከሥሩ ያለው ጥርስ ምን እንደሆነ አላውቅም። ብዙ ዘመን ተሸፍኖ ነው የኖረው። ቢቀርብዎትስ?"

እልህ የያዘው ሰው ይመከራል? አፌን ከፈትኩላት። ወርቁ ሲነሳ ከሥሩ የወጣው ተቃጥሎ ያለቀ ክብሪት የመሰለ ጥቁር ጉቶ ነበር። ሐኪሟ መስታወቱን የሰጠችኝ ሳትወድ እንደሆነ ያስታውቃል።

ሂሳቧን ከፍዬ በቀጥታ ወደ አንጥረኛው ሮጥኩ። ያቺ ዘመን ሙሉ የተኩራራሁባት ወርቅ ሚዛኑ ላይ ስትቀመጥ ሚዛኑ አላወቃትም ማለት ይቻላል።

"ጋሼ፣ ይሄ ቅርፊት ነው፣ ውስጡ ባዶ" ብሎ ዋጋ ነገረኝ። ለሐኪሟ የከፈልኩትን ግማሽ እንኳ አይሸፍንም።

"እስቲ ትንሽ ጨምርበት" አልኩት። ወርቁ በነበረበት ክፍተት ያመለጠው አየር ቀጭን ፉጨት ሆኖ ወጣ። አንጥረኛው ሰው የጠራሁ መስሎት ወደ በሩ ዞረ። አፍሬ የሰጠኝን ተቀብዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ "ደክሞኛል" በሚል ሰበብ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ጠዋት ግን ማይክሮፎን ፊት መቀመጥ ግድ ነው።

"የስድስተኛው በር ተሳፋሪዎች፣ እባካችሁ ሰልፋችሁን ያዙ!"

ፉጨቴ በድምፅ ማጉያው አዳራሹን ሞላው። ልጆች በፉጨት መለሱልኝ። የሻንጣ ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን መሬት አውርደው ይስቃሉ። አለቃዬ እየሮጠ መጣ።

"ፉጨቱን ተው!"

"እኔ አይደለሁም፣ ጥርሴ ነው።"

"የትኛው? ወርቁ? የት ሄደ?"

"ተሸጠ።"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ፣ ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ማይክሮፎኑን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደ።

በጊዜ ወደ ቤት ስመለስ ሚስቴ ገና "ምን ሆነህ መጣህ?" ከማለቷ "ከስራ ሰደዱኝ" አልኳት። ሁለቱም ቃል አፏጨ። አፌን አየችው። የቆረጠችው ጨርቅ ላይ ተደፍታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ዓመታት አልፈዋል። ብናደድም ደስ አለኝ።

ስታበቃ ጠየቅኳት፣ "ከእውነትሽ ጥርሴን አልወደድሽውም?"

"ጥርስህንማ እናቴ ስታየው 'ይሄ አጭበርባሪ ነው፣ ተጠንቀቂ' አለችኝ።"

"ታዲያ ምን አይተሽ አገባሽኝ?"

መቀሷን አስቀመጠች። "አውቶቡስ አምልጦኝ መናኸሪያው ውስጥ ቆሜ ሳለቅስ በድምፅ ማጉያው 'ቢጫ ሹራብ የለበስሽው እህታችን፣ አይዞሽ፣ አትሂጂ፣ ሌላ አውቶቡስ ይመጣል' አልክ። መልክህን ያየሁት በኋላ ነው።"

ቢጫውን ሹራብ እኔ ረስቼዋለሁ። ያን ሁሉ ዘመን በተሳሳተ ዕቃ ስመካ እንደኖርኩ ገባኝ።

በማግስቱ እጄን ይዛ ወደ ሐኪሟ ወሰደችኝ። ጌጦቿን በሸጠችበት ገንዘብ ነጭ ጥርስ አስተከለችልኝ። "ኧረ ተይ፣ የመኪናሽ ነው" ብላት "መኪናው ይቆያል፤ አንተ ግን እንዲህ እያፏጨህ ከከረምክ ጎረቤት ያባርረናል" አለች። አለቃዬም ማይክሮፎኑን መለሰልኝ።

እኔም ለመካካስ ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአጠገቧ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ። የመጀመሪያው ደንበኛ እኔ የተከልኩለትን ሸሚዝ ቆልፎ ሲጨርስ አንገቱ ሥር ቀዳዳ ያጣ አንድ ቁልፍ ተረፈው። ሚስቴ እኔን አየት፣ ደንበኛውን አየት አደረገችና "አዲስ ፋሽን ነው" አለችው።