ያዢ፣ ልቀቂ

መካኒኩ አሮጌውን ዲስክ ከቦታው ነቅሎ ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየውና ከንፈሩን መጠጠ። የብረቱ ጠርዝ ሰማያዊ ሆኗል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ፍሬን ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነውና ይህ ቀለም ምን እንደሚናገር አያጣውም፤ ብረት እንዲህ የሚሆነው ከልኩ በላይ ግሎ፣ ሳይቀዘቅዝ ደግሞ ደጋግሞ ሲግል ነው። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ወረቀት አክሏል። ዘይቱም ጠቁሮ የፍሬን ዘይት መሆኑ ቀርቶ ከሞተር የተቀዳ ነው የሚመስለው።

«አምላኬ፣ ያተረፍከው አንተው ነህ» አለ በሆዱ።

ያን ያለው ስለ እህቱ ልጅ ነው። የመኪናዋ ባለቤት እሱ ነው፤ ጓደኞቹ «ጥይት» ይሉታል። እናቱ ይህን ስም በሰማች ቁጥር «እኔ ልጅ እንጂ ጥይት አልወለድኩም» እያለች ትቆጣለች። መኪናዋ ዝቅ ያለች፣ ሞተሯ ሲነሳ የጋራዡን ቆርቆሮ የምታርገበግብ አዲስ የስፖርት መኪና ናት። ጥይት ከሁለት ሳምንት በፊት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ተራራ ቁልቁል ሲበርባት የፍሬኑ ዘይት ፈላና ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ሰመጠበት። ከፊቱ ጭነት ያጎበጠው ከባድ መኪና እየተንፏቀቀ ይሄድ ነበር። ማርሽ እየቀነሰ፣ መሪውን ወደ ዳር ጥሎ፣ የመንገድ ሠራተኞች የከመሩት አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ነው የዳነው። ለአጎቱ ሲያወራለት ይስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

«አጎቴ፣ ለእማዬ እንዳትነግርብኝ፣ አደራ!» አለው። አጎቱም አደራውን ተቀበለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እህቱን ባየ ቁጥር ወሬውን ወደ ሌላ ያዞራል።

ጥይት አዲስ ፍሬን አስመጥቷል። ዲስኩን እንደ መዳፍ ግራና ቀኝ ጨምቆ የሚይዘው ካሊፐር ባለ ስድስት ፒስተን ነው፣ ቀይ። ዲስኮቹ ከበፊቶቹ ይሰፋሉ። የጎማ ቱቦዎቹ በብረት ክር በተሸመነ ቱቦ ይተካሉ፤ ዘይቱም ትልቅ ሙቀት የሚችል ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ መኪናዋን ሊወስድ ተቀጣጥረዋል። በነጋታው ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር ተራራው ላይ ይገናኛል፤ ማን ቀድሞ ከላይ ታች እንደሚደርስ ሊተያዩ።

መካኒኩ የመጨረሻውን ቱቦ አጥብቆ ቀና ሲል እህቱ በጋራዡ በር ስትገባ አያት።

«ወንድማለም፣ እንደምን አረፈድክ?»

«እግዜር ይመስገን፣ እታለም። ዛሬ ምን እግር ጣለሽ?»

«እግሬማ ምን በወጣው፣ ልጄ ነው የጣለኝ። አዲስ ፍሬን አስገጥሞ ነገ ተራራው ላይ ሊሽቀዳደም ነው አሉኝ።» ሻንጣዋን ከደረቷ ጋር አጥብቃ ይዛለች። ቀዩን ካሊፐር በጎማው ቦታ ተሰክቶ ስታየው ፊቷን አዞረች። «ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው።»

«አትግጠምለት።»

«ገጥሜዋለሁ እኮ። ደግሞ ሞተር አይደለም፤ ፍሬን ነው። የሚያቆም ነገር ነው፣ እታለም።»

«የሚያቆም መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ሰው የሚፈጥነው እንደሚቆም ሲያውቅ ነው። ያ ልጅ አሁን እንኳ ትንሽ የሚለዝበው ‹ይቆምልኝ ይሆን?› እያለ ነው። አንተ ያቺን ፍርሃቱን ልትነቅልለት ነው?»

መልሱ የመካኒኩ ምላስ ላይ ነበር። ያቺ ፍርሃት ቁልቁለቱ ላይ አላዳነችውም፣ አሸዋው ነው ያዳነው፤ እንዲህ ሊላት ፈልጎ አደራው ያዘው። አባባሏም እውነት ነው። እሱም ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረው በዚሁ ነው፤ የተበላሸውን ፍሬን ቢተውለት ይሞታል፣ ጥሩ ፍሬን ቢሠራለት ደግሞ በዚያው ተማምኖ ይበራል።

«ሳይሠራ ብሰጠው ይሻላል ትያለሽ?» አላት በመጨረሻ።

«እንዲቆይ ነው የምልህ። ነገ እንዲያልፍ ብቻ።»

«ዋሽቼ አላቆየውም። ያንን እንኳ አልችልበትም።»

እህቱ ሻንጣዋን ከደረቷ አወረደች። ታላቁ ናት፤ እናታቸው ስትሞት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነበረውን እሱን ያሳደገችው እሷ ናት። እምቢ ያላት ቀን በጣት ይቆጠራል።

የቀረው ሥራ አየር ማስወጣት ነው። ዘይቱ ሲቀየር ቱቦው ውስጥ አየር ይገባል፤ አየሩ ካልወጣ ፍሬኑ አይይዝም። ሥራው ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ አንዱ ፔዳል የሚረግጥ፣ አንዱ ከጎማው ጋ የሚከፍትና የሚዘጋ። ሁልጊዜ የሚረግጥለት ባልደረባው ኤሌክትሪሺያኑ ነበር፤ ዛሬ ግን ሚስቱን ሐኪም ቤት ወስዷል። መካኒኩ ጋራዡ ጥግ ላይ ወደሚሠራው ቀለም ቀቢ ዞረ።

«ና እስቲ ትረግጥልኛለህ።»

«እኔ? እግሬ ከተረከዝ እስከ ጣት ቀለም ነው» አለ ቀለም ቀቢው ብሩሹን እንደያዘ። «የጥይትን ወንበር ካበላሸሁ ይተኩስብኛል።»

«እኔ እረግጥልሃለሁ» አለች እህቱ።

መካኒኩ አያት። ልቧ የራራ መሰለውና ደስ አለው። ወንበሩ ላይ ጨርቅ አነጠፈላት። ያ ዝቅ ያለ ወንበር ውስጥ ስትገባ ቀለም ቀቢው «እትዬ፣ መውጫውን ከአሁኑ ያስቡበት» ብሎ ቀለደባት።

«ስሚኝ እታለም። ‹ያዢ› ስልሽ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጠሽ ትይዢና ‹ያዝኩ› ትይኛለሽ። እኔ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ከፍቼ አየሩን አስወጣና እዘጋለሁ። ‹ልቀቂ› እስክልሽ ድረስ እግርሽ ከፔዳሉ ንቅንቅ እንዳይል። ብታነሺው የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል።»

«ገባኝ።»

ከኋላ ጎማዎች ጀመሩ። «ያዢ!» «ያዝኩ!» «ልቀቂ!» የኋላዎቹ ሰላሳ ደቂቃ አልፈጁም። ወደ ፊት ቀኙ ሲመጡ ነገሩ ተበላሸ። ቡሎኗ ላይ በተሰካችው ብርሃን አሳላፊ ቀጭን ቱቦ ወደ ጠርሙስ የሚወርደው ዘይት ውስጥ አረፋ ይታያል። ደገሙት፣ አረፋ። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ደገሙት፣ አረፋ። መካኒኩ የቱቦዎቹን ማሰሪያ ፈትቶ አጠበቀ። በመሃላቸው ያሉትን የመዳብ ቀለበቶች ቀየረ። የዘይት ማጠራቀሚያው እንዳይጎድል እየተነሳ ይሞላል። አረፋው ግን እንደነበረ ነው።

«መኪናዋ ለስላሳ ነው እንዴ የምትጠጣው?» አለ ቀለም ቀቢው። «አረፋ በአረፋ አደረገችህ እኮ!»

መካኒኩ አልሳቀም። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል። ተነስቶ በሩን ከፈተና እህቱን እግሯን አስነስቶ ፔዳሉን በእጁ ሦስት ጊዜ ተጫነው። በመጀመሪያው ለስላሳ ነበር፣ በሦስተኛው ድንጋይ ሆነ። «ይኼ ይበቃል» የሚል ሐሳብ ሽው አለበት። ስንቱ ጋራዥ እንዲህ ብሎ ያስረክባል። ግን አንድ ነገር ከነከነው።

በሩን ዘግቶ ተመልሶ ተንበረከከ። «ያዢ!» አለ።

«ያዝኩ!»

ቡሎኗን ከፈተ። ዘይቱ ወደ ጠርሙሱ ወረደ። በዚህ ጊዜ ይዘጋ ነበር፤ አሁን ግን አልዘጋም። እጁን ቁልፉ ላይ እንዳደረገ ጠበቀ። ከመኪናው ውስጥ የጫማ ሶል ከጎማ ሲላቀቅ የሚሰማውን ዓይነት ትንሽ ድምፅ ሰማ። ቱቦዋ ውስጥ ያለው ዘይት ቆመ፣ ከዚያም አረፋውን ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ ካሊፐሩ ተመልሶ ሲገባ በዓይኑ አየው። እሱ ገና ልቀቂ አላለም።

«ይዘሻል?» ሲል ጠየቃት።

«ይዣለሁ» አለች።

መካኒኩ ቡሎኗን ዘግቶ ተነሳ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ። ከዚያ በሩን ከፍቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እግርሽ ደከመሽ፣ እታለም?»

«አልደከመኝም።»

«ታዲያ ‹ያዝኩ› እያልሽ ለምን ትለቂያለሽ?»

እህቱ መሪውን አየች። በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ እንደምትነዳ ሰው።

«ሥራው እንዳያልቅ ብዬ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አንተ አልዋሽም አልክ። እኔ ልዋሽ ብዬ ነው። አየር ነው፣ አየር ምን ያደርጋል? አያልቅም፣ ነገ ያልፋል አልኩ።»

«ላስረክበው ነበር እኮ።»

«ምን?»

«አሁን፣ ከአምስት ደቂቃ በፊት። ሦስቴ ስትረግጪው ይጠነክራል፤ እዚህ ቆሞ ደህና ይመስላል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ግን ፔዳሉን በአንዴ ሲረግጠው ባዶ ነው የሚያገኘው። እታለም፣ ይኼ ሥራ ማቆየት አይደለም። ይኼ ገዳይ ነው።»

የእህቱ ፊት አመድ መሰለ። እግሯን ከፔዳሉ አንስታ እንደተቃጠለ ሰው ወደ ራሷ ሰበሰበችው። ልትወጣ ብትሞክር ዝቅተኛው ወንበር አልለቅ አላት፤ ወንድሟ ክንዷን ይዞ አወጣት። የጎማ ክምር ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። አላለቀሰችም፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። ቀለም ቀቢው እንኳ ብሩሹን አስቀምጦ ውኃ አመጣላት።

ጥይት የመጣው እንዲህ ሆነው ሳሉ ነው፤ ከሰዓቱ ቀድሞ። «አለቀች አጎቴ?» እያለ ገባና እናቱን ሲያይ ቆመ። «እማዬ? ምን ሆነሽ ነው?»

እናቱ ሻርፗን ከፊቷ ገለጠች። ሳትደብቅ፣ ሳታሳምር ነገረችው። ጥይት ሲሰማ ቆይቶ ሳቀ።

«እኔን ለማዳን ብለሽ ልትገድይኝ ነበራ!»

ማንም አልሳቀለትም። ሳቁ ብቻውን ቀረ።

«እሷ የሠራችውን ተናገረች» አለ መካኒኩ። «አንተስ? አደራ ብለኸኝ ሁለት ሳምንት ተሸክሜልሃለሁ። ከእንግዲህ አልችልም። ወይ አንተ ንገራት፣ ወይ አደራህን ውሰድ።»

ጥይት መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ስለ ፔዳሉ፣ ስለ ከባዱ መኪና፣ ስለ አሸዋው ተናገረ። ባጭሩ ነው፤ ግን የሰመጠውን ፔዳል ሲያወራ ቀኝ እግሩ ሳያውቀው ወለሉን ረገጠ። እናቱ ያቺን እግር ነው ያየችው።

«እና እያወቅህ ነው ነገ የምትወጣው?» አለችው።

«ለዚህ እኮ ነው አዲስ ያስገባሁት!»

መካኒኩ ክርክሩ እንዲያድግ አልፈቀደም። «ግባና ርገጥ» አለው ልጁን። ለእህቱ ጠርሙሱን አስያዛት። «አንቺ እዚህ ሆነሽ እይ። አረፋ ካየሽ ትነግሪኛለሽ።»

«ያዝ!» «ያዝኩ!» «ልቀቅ!» እናትየው ዓይኗን ከቱቦዋ ሳትነቅል «አለ»፣ «አሁንም አለ» ትላለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ «አሁን የለም» አለች። መካኒኩ ግን ሌላ ስድስት ጊዜ አስረገጠው። የፊት ግራውንም እንዲሁ አደረጉ። ፔዳሉ በመጀመሪያው ርግጫ ላይ ጥንክር ብሎ ቆመ።

«አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ እስኪላመዱ አይያያዙም» አለው መካኒኩ ጎማዎቹን አስሮ ሲጨርስ። «ከጋራዡ ኋላ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ በመካከለኛ ፍጥነት እየነዳህ አሥር ጊዜ ፍሬን ያዝ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አትቁም። ከዚያ ሳትረግጥ ንዳውና ይቀዝቅዝ።»

«እኔም እገባለሁ» አለች እናቱ። ማንም ሳይጋብዛት ገባች።

ሃያ ደቂቃ ቆይተው ተመለሱ። ጥይት መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ ፊቱ በርቷል።

«አጎቴ፣ ይኼ ፍሬን አይደለም፣ ግድግዳ ነው! አሁንማ ያቺን የላይኛዋን መታጠፊያ…» አለና ዋጠው።

«አሁንማ ምን?» አለች እናቱ። «ጨርሰው እንጂ።»

«ምንም።»

«እኔ ልጨርስልህ። አሁንማ ሳትፈራ ትገባባታለህ።»

ጥይት አልካደም። መካኒኩ እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ አጣጥፎ ዘረጋው። ሥራው እንደ ዛሬ ጥርት ብሎ የተሠራለትን ቀን አያስታውስም፤ እንደ ዛሬ ሥራው ያስፈራውንም ቀን አያስታውስም።

«በይ እማዬ፣ ውረጂ። ጓደኞቼ ይጠብቁኛል።»

«አልወርድም።» ቀበቶዋን ሳብ አድርጋ አየችው፤ ታስሯል። «ነገም እዚሁ ነኝ። ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የምትነሳው?»

«ተራራ ልትወጪ ነው? በዚህ ዕድሜሽ?»

«መውጣቱን አይደለም የምፈራው፣ መውረዱን ነው። እሱንም አብረን እንወርዳለን። አንተ የማትፈራውን እኔ ምን አስፈራኝ?»

«አጎቴ፣ እባክህ አንድ ነገር በላት!»

«ፍሬንህን ሠርቻለሁ» አለ መካኒኩ። «እሷን የምፈታበት ቁልፍ ሣጥኔ ውስጥ የለም።»

የጥይት ስልክ ጮኸ። አየውና አላነሳውም። እስኪያበቃ ድረስ ጮኸ፤ እንደገና ጀመረ። ልጁ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ፊት ለፊት ሲያይ ቆየና ማርሽ አስገባ። መኪናዋ በጋራዡ በር ቀስ ብላ ወጣች።

መካኒኩ ተከትሎ እስከ በሩ ሄደ። ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን አዳመጠ፤ ከንፈሩ በጸሎት ይንቀሳቀሳል። ቀለም ቀቢው ከኋላው መጥቶ ቆመ።

«እ? እንዴት ነው የሚሄደው?»

«እስከ አደባባዩ ድረስ ዝግ ብሎ ነው የሄደው።»

«ከአደባባዩ ወዲያስ?»

«እንጃ» አለ መካኒኩ። «ከዚያ ወዲያ አይሰማኝም።»

ቀለም ቀቢው ወደ ሥራው ተመለሰ። መካኒኩ ግን እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።