ከገበያ በሦስተኛው ቀን

ተናኜ ቁርስ ሳትቀምስ ከቤት ወጣች። ይህን ከሁሉ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ አያቷ ወይዘሮ ብዙወርቅ የዚያን ሰሞን ነገር ለማንም ሲያወሩ የሚነሡት ከዚሁ ነውና። "እህል ሳትቀምስ፣ በባዶ ሆዷ፣ እዚያ ማሽን ፊት ልትገተር ሄደችላችሁ!"

ወዳ አልነበረም የቸኮለችው። ጂንካ ላይ መብራት የሚመጣው ሲመሽ ነው። የከብት ክትባት ፕሮጀክቱ የራሱ ጄኔሬተር ቢኖረውም ናፍጣው በልክ ስለሆነ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ይሠራል። የኮምፒዩተሩ የቀን ዕድሜ ይህችው ናት። ተናኜ የቀረውን ጊዜ ደብተር ላይ በእርሳስ ፕሮግራም ስትጽፍ፣ ስትሰርዝ፣ በሐሳቧ ስታስኬድ ትውላለች። ከዚያ በነዚያ ሦስት ሰዓቶች የጻፈችውን ወደ ማሽኑ ታስገባለች። አዲስ አበባ አብረዋት የተማሩት ቀኑን ሙሉ ማሽን ፊት ተቀምጠው ስሕተታቸውን እስኪነግራቸው ይጠብቃሉ። እሷ ስሕተቷን ከማሽኑ ቀድማ ማግኘት ለምዳለች። በዚህ ትኮራለች። ለማንም ባትናገረውም ትኮራለች።

ጊዜው ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ነው። ከአርባ ምንጭ ወዲህ ያለው ኮምፒዩተር ይህ አንዱ ብቻ እንደሆነ ተናኜ እርግጠኛ ነበረች። አቧራ እንዳይገባበት ወይዘሮ ብዙወርቅ ከአሮጌ ነጠላቸው ልብስ ሰፍተውለታል፤ ጥለቱ ፊት ለፊት እንዲታይ አድርገው። በዚህ የተነሣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ማሽኑን "ሙሽሪት" ይሉታል። ሾፌሩ ዳርጌ ጠዋት ጠዋት በመስኮት አንገቱን አስግጎ "ሙሽሪት ተገለጠች?" ሳይል አያልፍም።

ይቀልዱ እንጂ፣ ከውጭ የመጣው ማሽን ዓመት ማለት አሥራ ሁለት ወር ብቻ ይመስለው ነበር፤ ጳጉሜን ያስተማረችው ተናኜ ናት። አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። ያን የጨረሰች ዕለት በሩን ዘግታ ብቻዋን አጨብጭባለች።

የመጀመሪያውን የክትባት ጉዞ ቀኖችም እንዲሁ ማሽኑ እንዲያወጣ አድርጋ ነበር። ደስታ የሚሉት መንጋ የሚጨርስ የከብት በሽታ በቆላው በኩል ተነሥቷል ተብሎ ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ተጭኖ ይሄዳል። በረዶው ከአራት ቀን በላይ አይቆይም። ተናኜ ርቀቱን፣ የመንገዱን ክፋት፣ የበረዶውን ዕድሜ አስገብታ በትንሽ ናፍጣ ሁሉን የሚያዳርስ መስመር አወጣች። ሰኞ ካኮ መንደር፣ ማክሰኞና ረቡዕ ቱርሚ። ወረቀቱ ከፕሪንተሩ እየተንጫጫ ሲወጣ የፕሮጀክቱ ኃላፊ አቶ ደምሰው ራሳቸው ቆመው አዩት፤ ማኅተምም መቱበት።

እንግዲህ ቁርስ ሳትቀምስ የወጣችው ረቡዕ ዕለት ነው። ግቢው ውስጥ ስትገባ ቱርሚ መሆን የነበረበት ላንድሮቨር ቆሟል። ዳርጌ ጎማውን በውኃ ያጥባል። የበረዶ ሣጥኖቹ ከጎኑ ተደርድረዋል። ከፈተቻቸው። በረዶው ቀልጦ፣ ብልቃጦቹ ውኃው ላይ ይንሳፈፋሉ።

"ምነው ተመለሳችሁ? ዛሬ ቱርሚ አይደላችሁም እንዴ?"

"ቱርሚማ ነበርን" አለ ዳርጌ ቀና ሳይል። "እኛ ነበርን። ሰዉ ነው ያልነበረው።"

ነገሩን የነገራት ኤርጎ ነው። ኤርጎ በአሪ አገር የገዘር ሰው ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ከብት ሲከትብ የኖረ፣ አሪኛም ሐመርኛም የሚናገር። ሰኞ ካኮ ሲደርሱ መንደሩ ባዶ ነው፤ ሰዉ ገበያ ወጥቷል። ከብቶቹን የያዙት ልጆች ደግሞ አባት በሌለበት መርፌ ወደ በሬ አናስጠጋም አሉ። ማክሰኞ ቱርሚ ደረሱ። የቱርሚም ገበያ ሰኞ ስለነበረ የከብቱ ባለቤት ከፊሉ ገና መንገድ ላይ ነው፣ ከፊሉ ራሱን ይዞ ጥላ ሥር ተኝቷል። ሰው ይመጣል ብለው የበጠበጡት ክትባት ፀሐይ ሲበረታ ተበላሸና ደፉት። ሣጥኑ ሲከፈት ሲዘጋ ስለዋለ ትርፍ በረዶውም ከቀኑ ቀድሞ በመንገድ ቀለጠ። ከሺህ አምስት መቶ ከብት የተወጋው ሠላሳ ስምንት ነው።

"ኤርጎ፣ አንተ ሰኞ ገበያ መሆኑን አታውቅም ነበር?"

"እንዴት አላውቅም!"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

ኤርጎ ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን ተመለከተ። "ወረቀቱ ማኅተም ነበረበት። ማኅተም ያለበት ላይ ምን ይባላል? እኔማ መንግሥት በማሽኑ አድርጎ ገበያውን ያዛወረው መስሎኝ ነበር።"

"እኔም እንደዚያው" አለ ዳርጌ። "መንገድ ላይ ለኤርጎ፣ 'ሰኞ እኮ ነው' አልኩት፤ 'ዝም ብለህ ንዳ፣ ኮምፒዩተር ነው ያለው' አለኝ።"

አቶ ደምሰው ቢሮአቸው ጠሯት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲጨነቁ እስክሪብቶአቸውን ያቅበጠብጣሉ። "ጓድ ተናኜ፣ አዲስ አበባ ምን ብዬ ልጻፍ? በሚመጣው ሳምንት የመጨረሻው ክትባት ይገባል። እሱም እንዲህ ከተመለሰ ማሽኑ ክትባቱን ባመጣው መኪና ይጫናል። ማሽኑ ከሌለ ደግሞ የአንቺ መደብ እዚህ የለም፤ አብረሽው ትሄጃለሽ።"

ያን ቀን ሙሽሪት ሳትገለጥ ስድስት ሰዓት ሆነ።

ወይዘሮ ብዙወርቅ ጎደሬ ቀቅለው፣ ጎመን ሠርተው ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ተናኜን የሁለት ዓመት ልጅ ሆና ነው የተረከቧት፤ ለትምህርት አዲስ አበባ የሄደችባቸውን አራት ዓመታት በጾምና በስለት ነው የገፏቸው። ገና ፊቷን ሲያዩ ግንባሯን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

"ትኩሳት አለሽ።"

"የለኝም እምዬ።"

"ዓይንሽ ቀልቷል። ያ ማሽን ነው። ብርሃኑ ሰው ውስጥ ይገባል ብያለሁ፤ የሚሰማኝ የለም።"

"ደህና ነኝ። ሥራዬ ነው የተበላሸው።"

አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ያስሩሻል?"

"ኧረ ማንም አያስረኝም! ብቻ ካልተስተካከለ ወደ አዲስ አበባ ይመልሱኛል።"

ወይዘሮ ብዙወርቅ ደረታቸውን በእጃቸው ያዙ። መታሰሩ ይሻል ነበር የሚሉ ይመስሉ ነበር፤ ጂንካ እስር ቤት ቢያንስ ምሳ ይወሰድላታል። ተናኜ ሁሉን ነገረቻቸው፤ ርቀቱን፣ በረዶውን፣ ማኅተሙን። ካኮ ጋ ስትደርስ አሮጊቷ አቋረጧት።

"በየትኛው ቀን ነው ያልሽኝ?"

"ሰኞ።"

"ሰኞ? ካኮ? ከብት ልትወጉ?" ሳቅ አመለጣቸው፤ ሊውጡት ሞከሩ፣ አልሆነም፤ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። "ልጄ፣ ሰኞ ካኮ ውሻም ቤቱ አይውል!"

ወይዘሮ ብዙወርቅ የሚያወሩትን ያውቃሉ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ፣ ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ፣ ዶቃና ጨው በበቅሎ ጭነው ያልዞሩበት ገበያ የለም።

"እሺ፣ ማክሰኞ ብናደርገውስ?" አለች ተናኜ።

"ማክሰኞማ ሰው አይደሉም። ገበያ ላይ ቦርዴ እኮ ነው የተጠጣው፤ ስካሩ ቶሎ አይለቅም።"

"ረቡዕ?"

"ረቡዕ ሰው ይሆናሉ። እኔ ምን አደርግ መሰለሽ? በገበያው ቀን ዶቃዬን እየሸጥኩ፣ 'ከነገ ወዲያ ማር ልገዛ ደጃችሁ እመጣለሁ' ብዬ እነግራለሁ። በማግስቱ የማንንም ደጅ አልረግጥም። በሦስተኛው ቀን ስሄድ ባልየው ራሱ ወጥቶ ይቀበለኛል፤ ወሬውም ቀድሞኝ ደርሷል።"

ተናኜ ደብተሯን ከቦርሳዋ መዘዘች። ርቀት ነበራት፤ መንገድ ነበራት፤ የበረዶው ሰዓት ሳይቀር ነበራት። ከብቱን ይዞ የሚቆመው ሰው ግን ፕሮግራሟ ውስጥ የትም መስመር ላይ አልነበረም። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የጠየቀችውን ነው የመለሰላት። ይህን ማወቅ አንጀት ያሳርራል፤ ደግሞ ደስ ይላል፤ የማይታወቅ ስሕተት ነው የሚያስፈራው እንጂ የታወቀማ ይጻፋል።

"ቱርሚስ?" አለች እርሳሷን እየቀረጸች።

"መጀመሪያ ጉረሺ።"

"እምዬ!"

"ሳትጎርሺ አልነግርሽም።"

ጎረሰች።

"ቱርሚን ሐሙስ አድርጊው። መንደሩ ከገበያው ይርቃል፤ ሰዉ ከብቱ ጋ እስኪደርስ ቀን ይፈጃል።"

በዚያው ሄደ፤ ለእያንዳንዱ ገበያ አንድ ጉርሻ። የአካባቢው ገበያ ሁሉ ተጽፎ ሲያልቅ ሳህኑም ተጠርጎ ነበር። አሮጊቷ አንድ ነገር ጨመሩ።

"እሑድ ደግሞ የአሪ ጴንጤዎች አይገኙም።"

"የት ይሄዳሉ? ቤተ ጸሎታቸው ተዘግቶ የለም?"

"የት እንደሚሄዱ እኔ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም፤ ማሽኑም አያውቅም። ብቻ እሑድ የሉም በይው።"

ሐሙስና ዓርብ፣ በስድስቱ የጄኔሬተር ሰዓቶች ውስጥ፣ ተናኜ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ሠራችው። ለየቦታው የገበያ ቀን ሰጠች፤ ከገበያው ቀን ሁለት ቀን ጨምር፣ ቱርሚ ከሆነ ሦስት፣ እሑድ ላይ ከወደቀ ወደ ሰኞ ግፋ፣ ሰኞ ገበያ ከሆነ ግን ሌላ ቀን ምረጥ፤ በረዶው ካልበቃ ሌላ መስመር ፈልግ። ሁለተኛው ቀን ላይ ጄኔሬተሩ ሊጠፋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ፕሪንተሩ መንጫጫት ጀመረ። አዲሱ መስመር የሚፈጀው ናፍጣ ከቀድሞው ይበልጣል። ይብለጥ።

አቶ ደምሰው ማኅተማቸውን አንሥተው ነበር። "ቆይ ጋሼ" አለች፤ ጓድ ማለቱን ረሳችው። "ማኅተም ከተመታበት የሚናገር የለም። አስቀድሞ እነሱ ይዩት።"

ወረቀቱን ላንድሮቨሩ አፍንጫ ላይ ዘርግታ ዳርጌንና ኤርጎን ጠራች። "ማኅተም የለበትም። ስደቡት።"

ተያዩ። ዳርጌ ጀመረ። "እንግዲህ ካልሽ፣ ይቺ ሙሽሪት መንገድ አታውቅም። ከቱርሚ ወዲህ ያለው ወንዝ ከሰዓት በኋላ ነው የሚሞላ፤ እሷ ከሰዓት ታሻግረናለች።"

ኤርጎም ደፈረ። "ለካኮ ሰዎች ማን ይነግራል? ሰኞ ገበያ አንድ ሰው መላክ አለበት። ወረቀትሽ ይህን አይልም።"

ሁለቱንም በእርሳስ ጻፈች። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ማሽኑ ገቡ። ማኅተሙ የተመታው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰኞ ኤርጎ በጭነት መኪና ወደ ካኮ ገበያ ወረደ፤ ወደ ቱርሚ ለሚያልፉትም ነጋዴዎች ወሬውን ሰጠ። ረቡዕ ላንድሮቨሩ የመጨረሻውን ክትባት ጭኖ ወጣ። ተናኜ ረቡዕን ሠራች፤ ሐሙስን ለመሥራት ሞከረች። አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ አጠፋችው። ቤት ደግሞ ወይዘሮ ብዙወርቅ ነበሩ። "ዝናብ ጣለ እንዴ በዚያ በኩል? ወንዙ ቢወስዳቸውስ? እኔ ደግሞ ምን አፌን አስከፈተኝ! ያኔ የነበሩት ሰዎች ሞተው ቢሆንስ? የዛሬ ልጆች ሌላ ልማድ አምጥተው ቢሆንስ?"

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ላንድሮቨሩ ጥሩምባውን ከሩቅ እየነፋ ገባ። ዳርጌ እስኪቆም አልጠበቀችም፤ የኋላውን በር ከፈተች። ሣጥኖቹ ባዶ ነበሩ። አንዱ ውስጥ የቱርሚ ሰው የሰጣቸው የማር ቅል ተቀምጧል።

"ሺህ አራት መቶ ዘጠና ሁለት" አለ ኤርጎ ከጋቢናው ሳይወርድ። "ክትባቱ አለቀብን እንጂ ከብቱስ ተሰልፎ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ምን አለኝ? 'ዛሬ የላካችሁ ሰው ገበያ ያውቃል' አለኝ።"

አቶ ደምሰው ሪፖርታቸውን ሲጽፉ እስክሪብቶአቸው አልተቅበጠበጠም። "ማሽኑ በጂንካ እንዲቆይ፤ ባለሙያዋም እንዲሁ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንብበውላታል።

በማግስቱ ቅዳሜ ወይዘሮ ብዙወርቅ ከጂንካ ገበያ ሲመለሱ ቁርስ ይዘው በቢሮው አለፉ። ያን ክፍል ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ለማሽኑ የሰፉት የነጠላ ልብስ ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የማሽኑ መስተዋት ላይ አረንጓዴ የላቲን ፊደል ተደርድሯል። ከሩቅ ቆሙ፤ ብርሃኑን ፈርተው።

"ቅረቢ እምዬ፤ የማሳይሽ አለ።" ተናኜ አንዱን መስመር በጣቷ አሳየች። "ይቺን መስመር ማሽኑ አያነባትም። ከኔ በኋላ የሚመጣ ሰው እንዲያነባት ነው የምትጻፈው። ምን ትላለች መሰለሽ? 'ከገበያ በሦስተኛው ቀን፤ ይህን ደንብ የሰጡት ብዙወርቅ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው።'"

አሮጊቷ ደነገጡ። "ስሜን? እመንግሥት ማሽን ውስጥ? አጥፊው! ነገ አንዱ ተነሥቶ 'ብዙወርቅ የታለች' ቢልስ?"

"ቢልማ ማር ይዞልሽ ይመጣል።"

"አጥፊው ብያለሁ ተናኜ!"

"እሺ፣ አጠፋዋለሁ" አለችና ጣቷን ቁልፎቹ ላይ አደረገች።

ወይዘሮ ብዙወርቅ የምግብ ዕቃውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሁለት እርምጃ ቀረቡ፤ ከዚያ አንድ ጨመሩ። አረንጓዴው መስመር ላይ ስማቸው የቱ እንደሆነ በዓይናቸው ፈለጉ፤ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋልና ፊደሉን አላጡትም።

"ቆይ፤ አትቸኩዪ" አሉ። "ወይዘሮ ይላል?"

"አይልም።"

"እንግዲያው እሱን ጨምሪበት።" የምግብ ዕቃውን ክዳን ከፈቱና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ጓድ እንዳትዪኝ ብቻ። ደግሞ መጀመሪያ ጉረሺ።"